ለቤት የሚሆን በርጩማ ስለመምረጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ የቆየውና ዘመናዊው

ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በመሀል አዲስ አበባ ለሚኖሩና ለቤታቸው በርጩማ ለመግዛት፣ ወይም ከወላጆቻቸው የወረሱትን አድሰው ለመጠቀም ለሚያስቡ ሰዎች የተዘጋጁ ናቸው። በርጩማ ሲመረጥ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያየው መልኩን ነው። እኛ ግን መጀመሪያ ቁመቱ፣ ቀጥሎ ተገልብጦ ከሥሩ የሚታየው አሠራሩ፣ ዕድሜውና ውበቱ ደግሞ ከሁለቱ በኋላ ሊመዘኑ ይገባል እንላለን፤ መልሶቹም በዚሁ እምነት ላይ የቆሙ ናቸው።

የቆየ በርጩማ ይሻለኛል ወይስ ዘመናዊ?

በርጩማው ላይ ማን እንደሚቀመጥ፣ ምን እየሠራ እንደሚቀመጥና ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ሳይታወቅ ይህን ጥያቄ መመለስ አይቻልም። ለቡና ማፍያ ቦታ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ዝቅተኛ በርጩማን የሚተካ ዕቃ ማግኘት ይከብዳል፤ ከባድ ስለሆነ በቀላሉ አይንሸራተትም፣ መቀመጫው ጎድጎድ ያለ በመሆኑ ቡናው እስከ በረካ ድረስ ሲፈላ አይጎረብጥም፣ ፍም ቢረግፍበትም ጠባሳ ይይዝ ይሆናል እንጂ እንደ ፕላስቲክ አይቀልጥም። በአንጻሩ ኩሽናው ከሳሎን ጋር የተያያዘና ከፍ ያለ ባንኮኒ ያለው አፓርታማ ለገዛ ሰው የቆየ በርጩማ ፍለጋ መድከም ትርፉ ጥቂት ነው፤ በአገራችን የቆዩት በርጩማዎች የተሠሩት ለመሬትና ለመሶብ ቅርብ ሆነው ስለሆነ ለዚህ ቁመት የሚደርስ እምብዛም አይገኝም።

ቁመቱ ስንት መሆን አለበት?

አብዛኛው የግዢ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ስለሆነ ወደ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት የጠረጴዛዎን ወይም የባንኮኒዎን ቁመት በሜትር ለክተው ይጻፉት። ከበርጩማው መቀመጫ እስከ ጠረጴዛው የላይኛው ገጽ ድረስ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ሲኖር ጭን ሳይጣበብ፣ ትከሻም ሳይነሣ መመገብ ይቻላል። በዚህ ስሌት 75 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን የምግብ ጠረጴዛ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ መቀመጫ፣ 90 ሴንቲ ሜትር ለሆነ የኩሽና ባንኮኒ ከ60 እስከ 65፣ 110 ለሚደርስ ከፍተኛ ባንኮኒ ደግሞ ከ80 እስከ 85 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ይስማማል። በመሶብ ዙሪያ ሰው ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ስለሚቆርስ ልዩነቱ ከዚህ ቢያንስም አያስቸግርም።

ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ በርጩማ የግድ የእግር ማሳረፊያ ያስፈልገዋል፤ ማሳረፊያው ከመቀመጫው በታች ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆን ይመረጣል። ይህ ከሌለው እግር ተንጠልጥሎ ይደነዝዛል፤ እንግዳም ይሉኝታ ይዞት ዝም ይላል እንጂ አይመቸውም። ብዙ ሰው ጎን ለጎን የሚቀመጥ ከሆነ ከአንዱ በርጩማ መካከል እስከ ሌላው መካከል 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዉ።

ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አባቶችና እናቶች ዝቅተኛ በርጩማ ማቅረብ፣ ቁሱ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ አክብሮት አይሆንም፤ ከ30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላይ መነሣት ለእነርሱ ብርቱ ሥራ ነው። ለእነርሱ 45 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ሰፊ መቀመጫ ያለው፣ ቢቻል መደገፊያ ያለው ወንበር አስቀድመው ያዘጋጁ።

ባለሦስት እግር ይሻላል ወይስ ባለአራት?

ሦስት እግር ባልተስተካከለ ወለል ላይ ፈጽሞ አይወዛወዝም፤ ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም በአንድ ገጽ ላይ ስለሚያርፉ አንዱ እግር አየር ላይ የሚቀርበት ሁኔታ አይኖርም። የቀደሙት ጠራቢዎች ለአፈር ወለልና ለግቢ ይህን ቅርጽ መምረጣቸው በቂ ምክንያት ነበረው፤ ዛሬም ግቢው ኮብልስቶን ለሆነ ወይም ጣውላው ለተነሣ የቆየ ቤት ትክክለኛው እርሱ ነው። ድክመቱ ወደ ጎን ሲያጋድሉ ነው፤ የሰውነት ክብደት በሁለት እግሮች መካከል ካለው መስመር ካለፈ በርጩማው ይገለበጣል። ስለዚህ ባለሦስት እግር በርጩማ ዝቅ ያለና እግሮቹ ወደ ውጭ የተዘረጉ ሊሆን ይገባል። ከፍ ላለ በርጩማና ሕፃናት ለሚንጠላጠሉበት ቤት አራት እግር፣ ከታችም ዙሪያውን የሚያስተሳስር አግዳሚ ያለው ይመረጣል።

ጥሩ የጅማ በርጩማ በምን ይታወቃል?

ጅማና አካባቢው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሚሠራው ክብ መቀመጫና ሦስት እግር ባለው በርጩማ የታወቀ ነው፤ በብዛት የሚሠራውም ከዋንዛ ነው። አንዱን ሲያነሡ መጀመሪያ ይገልብጡት። ሻጩ የሚያሳየው የተወለወለውን መቀመጫ ነው፤ የጠራቢው እጅ የሚታየው ግን ከሥሩ፣ እግሩ ከመቀመጫው በሚወጣበት ጉሮሮ ላይ ነው። በእጅ የተጠረበ ከሆነ የመሮና የመጥረቢያ ጥቃቅን ጥርስ እዚያ ይቀራል፤ ጣትዎን ሲያሳልፉበት እንደ ዓሣ ቅርፊት ይሻክራል። በዚያው ቦታ የእንጨቱን መስመሮች ይከተሉ። መስመሮቹ ከመቀመጫው ተነሥተው በእግሩ ርዝመት ወደ ታች የሚወርዱ ከሆነ እግሩ ጠንካራ ነው፤ እግሩን በአግድም የሚያቋርጡት ከሆነ ግን አንድ ቀን ድንገት በዚያ መስመር ይሰበራል፤ ሙጫም ለዘለቄታው አይመልሰውም።

ቀጥሎ መቀመጫውን ከፀሐይ ወይም ከመብራት አንጻር አዘንብለው የግንዱን እምብርት ይፈልጉ። ዓመታዊ ቀለበቶቹ ወደ አንድ ነጥብ የሚሰበሰቡት መቀመጫው መካከል ላይ ከሆነ፣ እንጨቱ ሲደርቅ ከዚያ ነጥብ ወደ ጠርዝ ስንጥቅ መውጣቱ አይቀርም። ብልህ ጠራቢ እምብርቱን ከመቀመጫው ውጭ እንዲወድቅ አድርጎ ግንዱን ይከፍላል። ከርጥቡ ደቡብ ምዕራብ ገና ሳይደርቅ ተጠርቦ የመጣ አዲስ በርጩማ በአዲስ አበባ በጋ፣ በተለይም ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ አየር፣ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ሲያነሡት ከመጠኑ በላይ የከበደና ጉንጭዎ ላይ ሲያስጠጉት የሚቀዘቅዝ ከሆነ አልደረቀምና ይተዉት። በቆየ በርጩማ ላይ ያለ ስንጥቅ ግን ሁልጊዜ ጉድለት አይደለም። ጠርዙ የጠቆረና የለሰለሰ ስንጥቅ መንቀሳቀሱን ያቆመ ስለሆነ፣ ወደ እግሩ እስካልወረደ ድረስ ለመቀመጥ አያሰጋም፤ በሽቦ ወይም በቆርቆሮ ተጠርቅሞ የተጠገነ ካጋጠመዎት ጥገናውን አያስነሡት፤ በርጩማው ለባለቤቱ ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር ነገር የለም።

ሻጩ «የቆየ ነው» ቢለኝ እንዴት አረጋግጣለሁ?

እውነተኛ ዕድሜ እኩል ሆኖ አይታይም። ለዓመታት የተቀመጡበት በርጩማ መቀመጫው መካከል ላይ ያብረቀርቃል፤ ጠርዙ እጅ በሚይዘው በኩል ጠቁሮ ይለሰልሳል፤ የእግሮቹ ጫፍ ወለል እየፈጋቸው ይዶለዱማል፤ ከሥሩ ግን ደረቅና ገርጣ ያለ ሆኖ ይቀራል፤ ጭስ ባለበት ቤት የኖረ ከሆነም ጥቀርሻው ወደ መስመሮቹ ሰርጎ ይገኛል። ላዩም ሥሩም፣ ጠርዙም ጉሮሮውም በአንድ ዓይነት ጥቁረት የተለበጠ ከሆነ ቀለም ተቀብቶ ወይም በእሳት ተለብልቦ የጠቆረ መሆኑን ይጠርጥሩ። ንጹሕ ጨርቅ በጥቂቱ አርሰው ከሥሩ ቢያሹት የጫማ ቀለም ከሆነ ጨርቁ ላይ ይወጣል፤ ሽታውም ይለያል። አዲስ ሆኖ አዲስ ነው ተብሎ የሚሸጥ ሥራ ነውር የለበትም፤ ነውሩ የአዲሱን በአሮጌ ዋጋ መሸጥ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ዓይንዎን ማለማመድ ከፈለጉ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይጎብኙ፤ የልዩ ልዩ ብሔረሰቦችን የቤት ዕቃዎች በአንድ ቦታ ቀርበው ማየት ከብዙ ሻጭ ገለጻ ይበልጣል።

የዋንዛ በርጩማ መግዛት ከሕግ ጋር ያጋጫል?

የዋንዛ በርጩማ ቤት ውስጥ መኖሩ ችግር የለበትም፤ ጥያቄው እንጨቱ ከየት ተቆረጠ የሚለው ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና የአገር ጥድን ከመንግሥት፣ ከክልልና ከተጠበቁ ደኖች መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ አሁን ያለው የደን ሕግ አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው። ዋንዛ በቡና ማሳ ውስጥ በጥላ ዛፍነት በገበሬዎች እጅም ይገኛል፤ ስለዚህ ሁሉም ዋንዛ ከደን የተሰረቀ ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም እኛ በግልጽ የምናዳላው ለቆየው ነው። ተጠርቦ፣ ደርቆ፣ ሁለት ትውልድ ያገለገለ ዋንዛ እያለ ለአንድ ሳሎን ማስጌጫ ተብሎ ሌላ ዛፍ የሚወድቅበት ምክንያት አይታየንም። አዲስ ማሠራት የግድ ከሆነ ከግራቪሊያ ወይም በደንብ ከደረቀ ባሕር ዛፍ ጥሩ በርጩማ ይወጣል፤ አናጢውን እንጨቱን ከየት እንዳመጣው መጠየቅም የገዢው ድርሻ ነው።

የገዛሁት በርጩማ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፤ ቤቴን ይበክላል?

ቀዳዳዎቹ የእንጨት በል ጥንዚዛ መውጫዎች ናቸው። ነፍሳቱ አሁንም ውስጥ መኖራቸውን ለማወቅ በርጩማውን ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠው ሁለት ሳምንት ይጠብቁ፤ ዱቄት የመሰለ ብናኝ ከረገፈ ትሉ እየበላ ነው። የጠርዛቸው ቀለም ከእንጨቱ ጋር ተመሳስሎ የጠቆረ ቀዳዳዎች፣ ብናኝም የማይወጣቸው ከሆኑ፣ የድሮ ታሪክ ናቸው። ነፍሳት ያለበትን ትንሽ በርጩማ በላስቲክ አጥብቀው ጠቅልለው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ትልቅ ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ሳምንት ማቆየት ትሉን ይገድለዋል። ነጭ ጋዝ መቀባት በየሰፈሩ የሚመከር ቢሆንም ከሰል በሚነድበት ቤት ውስጥ አደገኛ ስለሆነ አንመክረውም።

ከዚህ ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው ትኋን ነው። ያገለገለ፣ ስፖንጅና ጨርቅ ያለው በርጩማ ወይም ፑፍ ሲገዙ በስፌቱና በጠፍሩ መጋጠሚያ ውስጥ በእጅ ባትሪ ይመልከቱ፤ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ካዩ ወደ ቤት አያስገቡት። የእኛ ምክር ከዚህም ጠንከር ይላል፦ ያገለገለ የተሸፈነ በርጩማ ሲገዙ አጽሙን ብቻ እንደገዙ ቆጥረው ጨርቁንና ስፖንጁን በረንዳ ላይ ሳሉ ያስወግዱና በአዲስ ያስለብሱት።

ዘመናዊ በርጩማ ስገዛ ምን ልመልከት?

እዚህም ይገልብጡት። ከቱቦላሬ የተሠራ ከሆነ ብየዳው መጋጠሚያውን ዙሪያውን የያዘ መሆኑን ይዩ፤ ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ነካ ነካ ተደርጎ በቀለም የተሸፈነ ብየዳ በአጭር ጊዜ ይለቃል። የእግሮቹ ጫፍ ጎማ ከሌለው ሴራሚኩን ይፍቃል፤ በኮንዶሚኒየም ደግሞ ከታች ያለውን ጎረቤት እንቅልፍ ይነሣል። በየካፌው የሚታየው ባለ ላሜራ የብረት በርጩማ መነሻው ፈረንሳዊው ግዛቪዬ ፖሻር በ1934 እ.ኤ.አ. ካወጣው የብረት ወንበር ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ ዛሬ የሚሸጠው አብዛኛው ቅጂ ነው፤ በቅጂነቱ ቅር ባይሰኙም የላሜራውን ውፍረት መቀመጫውን በአውራ ጣት ተጭነው ይፈትኑ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ብረት መቀመጫ ስለሚቀዘቅዝ ትራስ አብረው ያስቡ።

ከቺፕውድና ከኤምዲኤፍ የተሠራ እግር ለእኛ ከተማ አይመችም። ወለላችን በውኃ ይጠረጋል፤ እነዚህ ሰሌዳዎች በታች በኩል ውኃ ሲጠጡ ያብጣሉ፤ ብሎናቸውም አንዴ ከላላ መልሶ አይነክስም። መቀመጫው ፕላይውድ፣ እግሩ ድፍን እንጨት ወይም ብረት ቢሆን ይሻላል። ስፖንጅ ያለው ከሆነ በሜትር ኩብ 30 ኪሎ ግራም ገደማና ከዚያ በላይ የሆነውን ይጠይቁ፤ ቀላሉ ስፖንጅ ቶሎ ጎድጉዶ ከሥሩ ያለው ጣውላ ይቆረቁራል። በጋዝ ከፍና ዝቅ የሚለውን የባር በርጩማ ሱቁ ውስጥ ተቀምጠውበት ጥቂት ደቂቃ ይቆዩ፤ በራሱ ዝቅ ካለ ቫልቩ ደክሟል። ሕፃን ባለበት ቤት ይህን ዓይነት በርጩማ ባያስገቡ እንመርጣለን።

ለጠባብ ስቱዲዮ የሚደራረብ በርጩማ ትልቅ ጥቅም አለው። ፊንላንዳዊው አልቫር አልቶ በ1933 እ.ኤ.አ. የነደፈው ባለሦስት እግር በርጩማ ለዚህ ዓይነቱ ሁሉ አርአያ ሆኗል፤ ክብ መቀመጫና ከላይ ታጥፈው የተያያዙ የበርች እንጨት እግሮች ስላሉት አንዱ በሌላው ላይ ዞር እያለ ይደረደራል። አናጢዎቻችንም ይህን ቅርጽ ከአገር እንጨት አሳምረው ሊሠሩት ይችላሉ። የራሳችንን ቅርጽ ወደ ዘመናዊ ሥራ ያመጡም አሉ፤ አዲስ አበባ ያደገው ዲዛይነር ጆሞ ታሪኩ ከደጋ አጋዘን ቀንድ ቅርጽ ተነሥቶ የሠራው ወንበር በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ቦታ አግኝቷል።

የፕላስቲክ በርጩማስ?

ለልብስ ማጠቢያና ለመታጠቢያ ክፍል ተስማሚ ነው። በረንዳ ላይ ፀሐይ ውስጥ ከዋለ ግን ይደርቅና ሳይታሰብ ይሰነጠቃል፤ ከፍም አጠገብም ይራቅ።

በመሀል ከተማ የት ይገኛል?

ከቸርችል ጎዳና ግራና ቀኝ ያሉት የባህል ዕቃ ሱቆች የጅማውንም የሌላውንም አካባቢ በርጩማ ይይዛሉ፤ ዋጋቸው ቱሪስትን ታሳቢ ያደረገ ስለሆነ ሳይከራከሩ አይክፈሉ። መርካቶ፣ በምናለሽ ተራና በአካባቢው፣ ጊዜ ወስዶ ለሚዞር ሰው ያልተጠበቀ ነገር ይገኛል። በየሰፈሩ የሚዞረው ቆራሌው ከብዙ ቤት የቆየ በርጩማ ስለሚያወጣ፣ ምን እንደሚፈልጉ ነግረውት ስልክዎን ቢሰጡት አይጎዱም። ኤምባሲዎችና ድርጅቶች ያገለገለ ዕቃ በጨረታ ሲሸጡ ጠንካራ የቢሮና የካፍቴሪያ በርጩማ በቅናሽ ይወጣል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት በፒያሳና በካዛንቺስ ብዙ ሱቆችና ወርክሾፖች ቦታ ቀይረዋል፤ ስለዚህ በድሮ ምልክት ከመሄድ አስቀድሞ ደውሎ ማረጋገጥ ድካም ያድናል። በቴሌግራም የሚገዙ ከሆነ ተገልብጦ፣ ሜትርም ከጎኑ ተዘርግቶ የተነሣ ፎቶ እንዲልኩልዎ ይጠይቁ፤ ይህን የማይልክ ሻጭ ቀብድ አይገባውም።

ስንት በርጩማ ይበቃኛል?

ለቤተሰቡ ቁጥርና ለሁለት ወይም ለሦስት እንግዳ። ለለቅሶና ለድግስ አግዳሚውም ወንበሩም ከእድር ስለሚመጣ፣ ለዓመት አንድ ቀን ተብሎ ጠባብ ቤት በዕቃ አይሞላም።

የቆየውንና ዘመናዊውን አንድ ሳሎን ውስጥ ማዋሐድ ይቻላል?

ይቻላል፤ ቁመታቸው ከተቀራረበ ደግሞ አይጋጩም። ሁለት የጅማ በርጩማዎች ከዘመናዊ ሶፋ ፊት ቀርበው እንደ ትንሽ ጠረጴዛም እንደ መቀመጫም ሊያገለግሉ ይችላሉ፤ ይሁን እንጂ መቀመጫቸው ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ስኒ ሲያስቀምጡ ትሪ ያድርጉበት። የማንስማማበት በርጩማን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ወይም ጥግ ላይ አስቁሞ «እንዳትቀመጡበት» ማለትን ነው። ወዙን የሚያገኘው ከሰው ስለሆነ፣ የተቀመጡበት በርጩማ ከተሰቀለው ይልቅ እያማረ ይሄዳል።

እንዴት ልንከባከበው?

በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ወዲያው በደረቅ ያድርቁት። የቆየውን ቫርኒሽ አይቀቡት፤ በብርጭቆ ወረቀትም አይፈግፍጉት፤ ሁለቱም ለዓመታት የተገኘውን ወዝ ባንድ ቀን ያጠፉታል። ደርቆ ከነጣ በጣም በስሱ የተልባ ዘይት ወይም የንብ ሰም ማሸት ይበቃል። በተልባ ዘይት የራሰን ጨርቅ ጨምድደው አይጣሉት፤ ሲደርቅ በራሱ ሞቆ ሊቀጣጠል ስለሚችል ውኃ ውስጥ ነክረው ወይም ዘርግተው ያድርቁት። ጠፍር የተወጠረበት በርጩማ ከላላ ለሙያተኛ ይስጡ፤ አዲስ ጠፍር እርጥብ ሆኖ ተወጥሮ ሲደርቅ ራሱን ያከርራል። ፀጉሩ ያልተነሣ ቆዳ የለበሰውን በክረምት ከግድግዳ አርቀው አየር እንዲያገኝ ያድርጉ፤ አለዚያ ይሸታል፤ ብልም ይገባዋል።

ውጭ አገር ላለ ዘመዴ የቆየ በርጩማ መላክ እችላለሁ?

በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። በርጩማው ቅርስ ይሁን አይሁን የሚወስነው እርስዎም ሻጩም አይደላችሁም፤ ስለዚህ ከመላክዎ በፊት ዕቃውን ለቅርስ ባለሥልጣን አሳይተው የመውጫ ማረጋገጫ ይያዙ። አዲስ የተሠራ ከሆነም የሱቁን ደረሰኝ አያይዘው ይላኩ።